አያት ዘጠኝ፣ እናት ሦስት፣ ልጅ «ገና ነኝ»

እኛ ብሎክ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ በር ውስጥ ሦስት ትውልድ ይኖራል። እማማ ዘጠኝ ወልደዋል፣ ሰባቱ አድገዋል። ልጃቸው፣ ጎረቤቴ ማለት ናት፣ ሦስት ወልዳ «በቃኝ» ብላለች። የጎረቤቴ ትልቋ ልጅ ደግሞ 11ኛ ክፍል ናት። እማማ ቡና ላይ «አንቺስ ስንት ልትወልጂ አስበሻል?» ሲሏት ከደብተሯ ቀና እንኳ ሳትል «ገና ነኝ እማማ» ትላለች። እማማ ይስቃሉ። ከዚያ ወደኔ ዞር ብለው «እኔ በሷ ዕድሜ ሁለተኛዬን አዝያለሁ» ይላሉ። በኩራት ይሁን በቁጭት እስካሁን አልገባኝም።

ዘጠኝ፣ ሦስት፣ ገና። በአገር ደረጃም የሆነው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ምክንያቱን ብትጠይቁ ሰው ሁሉ አንድ መልስ አለው፦ «ትምህርት ነዋ!» ልክ ነው። ግን እንዴት? ትምህርት ቤት ውስጥ «ትንሽ ውለዱ» የሚባል የትምህርት ዓይነት የለም። እኔ 12 ዓመት ስማር ነገሩ የተነሳው ባዮሎጂ ላይ ምናልባት ሁለት ክፍለ ጊዜ ነው፣ እሱንም መምህሩ አፍረው ገጹን ቶሎ ገለጡት። ታዲያ ትምህርት በየት በኩል ዞሮ ነው ልጅ የሚቀንሰው? ደግሞስ «ሴት ከተማረች ልጅ ይቀንሳል፣ ልጅ ከቀነሰ ሥራ ትይዛለች» የሚባለው እውነት ነው? የመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛው ላይ ግን ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ ጥርጣሬ ገብቶኛል፣ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንየው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተሠራው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንደሚለው አንዲት ኢትዮጵያዊት ያኔ በዕድሜዋ በአማካይ 4.6 ልጅ ትወልድ ነበር። አማካይ ግን ብዙ ነገር ይደብቃል። ምንም ያልተማረችው 5.7፣ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የዘለቀችው 1.9። ገጠር 5.2፣ ከተማ 2.3፣ አዲስ አበባ 1.8። አዲስ አበባ ላይ ቆም በሉ። ሕዝብ ራሱን ለመተካት ለአንዲት እናት በግምት 2.1 ልጅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ይህች ከተማ ከሌላ ቦታ የሚመጣ ሰው ባይኖራት ኖሮ ውሎ አድሮ እየሳሳች ትሄድ ነበር። መገናኛ ላይ የታክሲ ሰልፍ ለቆመ ሰው ይሄ ቀልድ ይመስለዋል። ሰልፉን የሚያረዝመው ግን ወሊድ ሳይሆን መጤው ነው፣ እኔንም ጨምሮ።

እዚህ ጋ ነገር የሚገባው ሰው አንድ ጥያቄ ያነሳል። የተማረችው ትንሽ የወለደችው ስለተማረች ነው? ወይስ ድሮም ከተሻለ ቤት ስለመጣች? ሀብታም አባት ያላት ልጅ ትማራለች፣ ሀብታም አባት ያላት ልጅ ዘግይታም ታገባለች፤ ትምህርቱ ምንም ላይሠራ ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሁለቱን ለመለየት ሀብትም ጉብዝናም ሳይጨመርበት፣ እንዲሁ በአጋጣሚ ብዙ የተማሩ ልጆች ማግኘት ያስፈልጋል።

እኛ አገር እንዲህ ያለ አጋጣሚ ነበር። በ1986 ዓ.ም. አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሲወጣ ከ1ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ያለው ክፍያ ተነሳ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርም መጣ። እንግዲህ አስቡት፦ አንድ መንደር ውስጥ ሁለት እህትማማቾች አሉ። ታላቅየው ፖሊሲው ሲወጣ ዕድሜዋ አልፏል፣ ታናሽየው ግን ገና ናት። አባት አንድ፣ እናት አንድ፣ ድህነቱም አንድ። ልዩነታቸው የተወለዱበት ዓመት ብቻ ነው። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ በዕድሜ ከፍለው ሲያወዳድሩ፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ የትምህርት ዓመት አንዲት ልጅ በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ የመውለድ ዕድሏን በ7 መቶኛ ነጥብ ያህል እንደሚቀንስ አገኙ። አንድ ዓመት ብቻ! ምዕራብ ኬንያ ውስጥ ደግሞ ከዚህም ቀለል ያለ ነገር ተሞክሯል። በዕጣ ለተመረጡ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ዩኒፎርም በነጻ ተሰጠ፣ ለሌሎቹ አልተሰጠም። ዩኒፎርም ያገኙት ሴት ልጆች ትምህርት ያቋረጡት ያነሰ ሆነ፣ በልጅነታቸው ያገቡትና ያረገዙትም አነሱ። ስለ እርግዝና አንድ ቃል ሳይነገር፣ በሹራብና በቀሚስ።

ስለዚህ ትምህርቱ ራሱ ይሠራል። አሁን ወደ «እንዴት»።

ጎረቤቴ የመንዝ ልጅ ናት፣ 1977 የተወለደች። ፖሊሲው ሲወጣ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ታላላቅ እህቶቿ ፊደል ሳይቆጥሩ ነው የተዳሩት፣ እሷ ግን ክፍያው ሲቀር ከወንድሟ ጋር ተመዘገበች። 5ኛ ክፍል እያለች ሽማግሌ ተላከ። አባቷ እሺ ሊሉ ነበር፣ ወንድሟ «ትማር፣ 8ኛን ትጨርስ» ብሎ ተከራከረ፣ ሽማግሌዎቹ «እንግዲያው ስትጨርስ እንመለሳለን» ብለው ሄዱ። ስትጨርስ ግን እሷ አልነበረችም፣ አዲስ አበባ አክስቷ ጋ ገብታ ነበር። እዚህ በማታ 10ኛን ጨረሰች። ያገባችው በ23 ዓመቷ ነው።

ልብ በሉ፣ ክፍል ውስጥ ምን እንደተማረች አልነገርኳችሁም። እሷም አታስታውሰውም። ትምህርት ቤት መጀመሪያ የሠራላት ነገር ጊዜ መግዛት ነው። ለአባት «ልጄ ተማሪ ናት» የሚል መልስ ሰጠው። ይሄ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። ቤት የተቀመጠች የ14 ዓመት ልጅን «ለምን አትዳርም?» ብሎ ለሚመጣ ሽማግሌ አባት ምን ይመልሳል? ተማሪ ለሆነችው ግን ሰውን ሳያስቀይም የሚመለስ መልስ አለ።

ሒሳቡን እንሥራው። በ16 ዓመቷ ያገባች ሴት መውለድ እስክታቆም ድረስ ወደ 30 ዓመት ገደማ አላት። በ24 ያገባችው 22 ዓመት ገደማ። ምንም መከላከያ ባትጠቀም፣ በየሦስት ዓመቱ ብትወልድ እንኳ፣ በመዘግየቷ ብቻ ሁለት ሦስት ልጅ ይቀንሳል። በተጨማሪ እናቲቱ ዘግይታ ስትወልድ ልጇም ዘግይታ ትወልዳለች፣ ስለዚህ በአንድ ክፍለ ዘመን ውስጥ የሚቀመጠው የትውልድ ቁጥር ራሱ ያንሳል። እማማ ባንድ ጊዜ እናትም አያትም ነበሩ፤ የመጨረሻ ልጃቸውና የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው እኩያ ናቸው፣ አንድ ጡት ጠብተዋል ነው የሚባለው።

ሕጉም ረድቷል፣ በአንድ መስመር ልለፈው፦ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ መዳር ትችል ነበር፣ በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ 18 አደረገው። ግን ሕግ ያለ ትምህርት ቤት ብዙ አይጓዝም። ዕድሜ የሚጨምር ምስክር በየመንደሩ ሞልቷል።

ግን መዘግየቱ ሁልጊዜ ጸንቶ አይቆይም። አማራ ክልል ውስጥ «ብርሃነ ሔዋን» የሚባል ፕሮግራም ነበር፤ ለሴት ልጆች ደብተርና እስክርቢቶ ይሰጣል፣ ሳያገቡና ትምህርት ሳያቋርጡ ለቆዩት ልጆች ቤተሰቦች ደግሞ መጨረሻ ላይ በግ። በግ! ሠራ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች ጋብቻ በጣም ቀነሰ። ከ15 እስከ 19 ያሉት ግን ፕሮግራሙ ሲያልቅ ከሌላው መንደር ልጆች የበለጠ ነው ያገቡት። አይገርምም፤ ደጁ እስኪከፈት ሲጠበቁ ቆይተው ነበር። የተገዛው ጊዜ ሲያልቅ ልጅቷ የምትገባበት ሌላ በር ከሌለ የምትገባው ወደ ትዳር ነው። ይህን ነገር ያዙት፣ ስለ ሥራ ስናወራ እንመለስበታለን።

ሁለተኛው መንገድ ጤና ጣቢያ ነው። ማንበብ የምትችል ሴት የቀጠሮ ካርዷን ራሷ ታነባለች። የሦስት ወሩ መርፌ መቼ እንደሚያልቅ ባሏንም አማቷንም ሳትጠይቅ ታውቃለች። ነርሷ ስትቆጣት አትደነግጥም፣ ወይም ትደነግጥና ትመለሳለች። ጎረቤቴ «መጀመሪያ የወሰድኩት ሰውነቴን አልተስማማውም፣ ተመልሼ ሄጄ ክንድ ውስጥ የሚቀበረው ይሻለኛል አልኩ» ስትለኝ፣ እማማ ከማዕድ ቤት «እኛስ ማንን ልንጠይቅ? እግዜርን?» አሉ። ባለትዳር ከሆኑት ሴቶች ውስጥ ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙት እ.ኤ.አ. በ2000 6 በመቶ ነበሩ፣ በ2016 35 በመቶ ደረሱ።

እዚህ ውስጥ የማደንቀው አንድ ነገር አለ፣ ትንሽ ልቆይበት። መርፌውን ገጠር ድረስ ያደረሱት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር የተጠየቀው 10ኛ ክፍል የጨረሰች፣ የአካባቢውን ቋንቋ የምትናገር ሴት ነው። አንድ ዓመት አሠልጥነው በየቀበሌው ሁለት ሁለት አስቀመጡ፣ ደመወዝ ከመንግሥት። ከ30,000 በላይ ሆኑ። አያችሁት? የ1986ቱ ፖሊሲ 1ኛ ክፍል ያስገባት ልጅ 10ኛን ስትጨርስ የጤና ሠራተኛ ሆና መጣች፣ ሥራዋ ደግሞ ያልተማረችውን ጎረቤቷን ስለ ልጅ ማራራቅ ማስተማር። አንድ ልጅ መማሯ ሌላዋ ቤት ገባ። ከሥራና ትምህርት ታሪካችን ውስጥ እንዲህ አጥብቆ የተገጣጠመ ሌላ አላውቅም፤ ደመወዙ ይነስ፣ መንገዱ ይርዘም፣ እሱን እነሱ ያውቁታል።

ሦስተኛው ሞት ነው። እማማ ከዘጠኙ ሁለቱን ቀብረዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ከሚወለዱት 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ይሄንን የምታውቅ እናት ሦስት ወልዳ አታቆምም፣ ማቆም ቁማር ነው። በ2016 ቁጥሩ 67 ሆነ። ክትባት አለ፣ ኤክስቴንሽን አለች፣ እናትየውም ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ውኃ መከልከል እንደማይገባ፣ እንዲያውም ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ.) በጥብጣ መስጠት እንዳለባት ታውቃለች። ልጅ እንደሚያድግ ሲታመን መጠባበቂያ መውለድ ይቀራል።

አራተኛው ወጪ ነው፣ እሱን አራብሳ ለሚኖር ማስረዳት አያስፈልግም። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው አባባል የተባለው ልጅ በአምስት ዓመቱ ጥጃ በሚጠብቅበት፣ በሰባት ዓመቱ እንጨት በሚለቅምበት ቤት ነው። እዚያ ልጅ ይበላል፣ ግን ያስገባልም። እዚህ ልጅ በክፍያ ነው የሚያድገው። ምዝገባ፣ ዩኒፎርም፣ ምሳ ዕቃ፣ ሰርቪስ፣ ማጠናከሪያ፣ «የወላጅ መዋጮ»። የተማረች እናት ደግሞ ልጇ ከሷ በላይ እንዲማር ነው የምትፈልገው፣ ስለዚህ ገንዘቡን ለሦስት ታካፍላለች እንጂ ለዘጠኝ አትበትንም። ኢኮኖሚስቶች ይሄንን ብዛት በጥራት መለወጥ ይሉታል። ቃሉ ለሰው ልጅ ሲሆን ትንሽ ይከብዳል፣ እቃ እቃ ይላል፣ ሐሳቡ ግን ትክክል ነው።

አሁን አዲስ አበባን ለብቻዋ ላውጣት፣ ምክንያቱም ይህች ከተማ ላይ «ትምህርት ነዋ!» ብሎ ማለፍ ማታለል ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ሴት በአማካይ 3.1 ልጅ ትወልድ ነበር። በ2000 1.9 ሆነ። በአሥር ዓመት! እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ አንድ ጥናት ለምን ብሎ ሲፈትሽ ትልቁ ምክንያት ሆኖ ያገኘው መከላከያውን አይደለም፣ ጋብቻ መዘግየቱንና መቅረቱን ነው። መከላከያ ሁለተኛ ነው። ሰው ለምን ሳያገባ ቆየ? ሥራ የለም። ቤት የለም። ከእናት አባት ጋር አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ እየተኙ ሚስት የት ይመጣል? ስለዚህ ከዘጠኝ ወደ ሦስት የወረደው ቁጥር ውስጥ ነጻነት አለ፣ ማጣትም አለ። ሁለቱን አንድ ላይ ደምሮ «እድገት» ማለት እኔ አይዋጥልኝም። የምትፈልገውን ሦስተኛ ልጅ በኪራይ ምክንያት የተወች ሴት አለች፣ ያልፈለገችውን አራተኛ በመርፌ ያስቀረችም አለች፣ ዳሰሳው ላይ ሁለቱም ያው ቁጥር ናቸው።

ወደ ሥራው እንምጣ።

በመጀመሪያ አንድ የተሳሳተ አነጋገር ላርም። «ያልተማረች ሴት ሥራ የላትም» ይባላል። እማማን ንገሯቸው። ከንጋቱ 10 ሰዓት ወፍጮ፣ ከዚያ ውኃ፣ እንጨት፣ አረም፣ ጠላ፣ ልጅ። ያልተማረች የገበሬ ሚስት ከማንም በላይ ትሠራለች፣ ደመወዝ የላትም እንጂ። ሥራዋ ደግሞ ልጅ አዝላ የሚሠራ ነው። አረሙን አቁሞ ማጥባት ይቻላል፣ የልብስ ስፌት መስመር ላይ ግን አይቻልም። ክላውዲያ ጎልዲን፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኘችው፣ ያሳየችውም ይሄንኑ ነው፦ አገር ከእርሻ ሲወጣ የሴቶች ሥራ መጀመሪያ ይቀንሳል፣ ወደ ላይ የሚመለሰው ሴቶች በደንብ ተምረው የቢሮና የአገልግሎት ሥራ ሲከፈት ነው። መሐል ላይ ጎድጓዳ አለ። 8ኛ፣ 10ኛ፣ 12ኛ የጨረሰችው ያገሬ ልጅ ያለችው እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ለአረም ከሚያስፈልገው በላይ ተምራለች፣ ለቢሮ ግን አልደረሰችም።

12ኛም ቢሆን ዋስትና አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው፣ በ2015 ደግሞ 3.2። የቀሩት የት ሄዱ? እኛ ብሎክ ሥር ካሉት ሱቆች ፊት ለፊት ብትቀመጡ ግማሾቹን ታገኟቸዋላችሁ፤ ወንዶቹን ማለቴ ነው። ሴቶቹ አይታዩም፣ ፎቅ ላይ ናቸው። ቤት ያጸዳሉ፣ የእህታቸውን ልጅ ይይዛሉ፣ ቴሌግራም ላይ የሥራ ማስታወቂያ ያያሉ፣ «2 ዓመት የሥራ ልምድ» የሚለውን አይተው ይዘጉታል። ወይ ፓስፖርት ያወጣሉ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ለቤት ሠራተኝነት 8ኛ ክፍል መጨረስን ይጠይቅ ስለነበር፣ አንዳንድ ቤት 8ኛ ክፍል ማለት የቤሩት መግቢያ ቲኬት ማለት ሆኖ ነበር። ፖሊሲ አውጪዎቹ እንዲህ ተብሎ እንዲነበብ አስበው አይመስለኝም።

ፋብሪካስ? የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከኛ ብዙ አይርቅም። ጠዋት ልጃገረዶቹ ሰርቪስ ሲጠብቁ አያቸዋለሁ፣ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው። ብዙዎቹ የክፍለ አገር ልጆች ናቸው፣ አራት አምስት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ። ጎረቤቴም ሁለተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ አንድ የልብስ ፋብሪካ ገብታ ስምንት ወር ሠርታለች። ለምን ወጣሽ ስላት ሒሳቧን በጣቷ ቆጠረችልኝ፦ ደመወዟ ይሄ፣ ለሞግዚቷ ይሄ፣ ለወተት ይሄ፣ ኦቨርታይም ቀን ማታ ታክሲ ይሄ። ትንሿ ጣቷ ብቻ ቀረች። «ለሷ ብዬ ልጄን ሳላየው ልዋል?»

እሷ ብቻ አይደለችም። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፈን ዴርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች ኢትዮጵያ ውስጥ ባሉ አምስት ድርጅቶች ለሥራ ከተሰለፉት ውስጥ በዕጣ ተቀጣሪዎችን አስመርጠው ተከታተሉ። በመጀመሪያው ወር አንድ ሦስተኛው ለቀቀ። በዓመቱ 77 በመቶው ወጥቷል። ሐዋሳ ፓርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 የአንዲት ጀማሪ ሠራተኛ የወር መነሻ ደመወዝ 26 ዶላር እንደነበረ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ጽፏል። እኛ አገር ለግል ድርጅት የተቀመጠ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም። ስለዚህ «ሴቶቻችን ሥራ አይወዱም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የጎረቤቴን ጣቶች አስታውሳለሁ።

ከሁሉ የከበደው ግን «ልጁን ማን ይያዝ?» ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለእናት 120 ቀን ይሰጣል፣ 30 ከወሊድ በፊት፣ 90 ከወሊድ በኋላ። ለአባት 3 ቀን። መንግሥት መሥሪያ ቤት ለአባት 10 ቀን ነው፣ ሕጉም መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው ያዝዛል። ጥሩ። ግን 121ኛው ቀን ሲነጋ አራብሳ ያለችው እናት ቁጭ ብላ የምታስበው አንድ ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል መነሳት፣ ሰልፍ፣ መገናኛ፣ ሌላ ሰልፍ፣ ሥራ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት መመለስ። አንድ ክፍለ ከተማ ያህል ሕዝብ ከከተማው ጫፍ ሲሰፍር ቤቱ ተሠራ፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣው ላይም 30 በመቶ ለሴቶች ተያዘ፣ ሸጋ ነገር ነው። ሥራው ግን መሐል ከተማ ቀረ። ቤት ያገኘችው ሴት ከሥራዋ ራቀች።

ስለዚህ ሠራተኛ ትቀጥራለች። ሠራተኛዋ ማን ናት? እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚቆረቁረኝ፣ ራሴን ጨምሮ ስለምናገር። እኔ ቢሮ የምሄደው ቤቴ ውስጥ አንዲት ልጅ ስላለች ነው። ደላላው ሲያመጣት «ስንተኛ ክፍል ነሽ?» አልኳት፤ «7ኛ ላይ አቋረጥኩ» አለችኝ። የኔ 15 ዓመት ትምህርትና የኔ ሥራ የቆመው በሷ በቀረው 8ኛ ክፍል ላይ ነው። አሁን ማታ ትማራለች፣ ማታ ማታ እኔ ልጄን እይዛለሁ፣ እና ይሄን የምጽፈው ደግ ሰው መሆኔን ለማሳየት አይደለም፤ የተማረች ሴት ሥራ ይዛለች ሲባል ከበስተጀርባዋ ማን እንደተቀመጠች እንድታዩ ነው። የሰፈር ማቆያ በተመጣጣኝ ዋጋ ቢኖር ሁለታችንም ቀን ቀን እንወጣ ነበር፣ እኔ ወደ ሥራ፣ እሷ ወደ ክፍል።

ለዚህ ነው የመጀመሪያው እውነት፣ ሁለተኛው ግን የሚያጠራጥር ያልኩት። ትምህርት ልጅ ለመቀነስ የማንንም እርዳታ ብዙ አይፈልግም፤ ጋብቻን ያዘገያል፣ ጤና ጣቢያ ያደርሳል፣ ቀሪውን ኑሮ ራሱ ይሠራዋል። ሥራ ግን ሌላ ሦስት ነገር ይጠይቃል። ከሞግዚት ክፍያ የሚተርፍ ደመወዝ፣ ልጅ የሚውልበት ቦታ፣ በሰዓቱ የሚመጣ አውቶቡስ። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ የተማረችው ሴት ጥቂት ልጆች ይዛ ቤት ትቀመጣለች፣ ወይ እንደ ጎረቤቴ ሌላ መንገድ ትፈልጋለች። እሷ አሁን በምጣድ እንጀራ ጋግራ ለብሎኩ ታስረክባለች። ማን ስንት እንደወሰደ፣ ማን እንዳልከፈለ በደብተር ትይዛለች፤ ሒሳቧ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። ቆጠራ የሚያደርግ ሰው መጥቶ «ሥራ አለሽ?» ቢላት «የለኝም፣ የቤት እመቤት ነኝ» ነው የምትለው። ሰምቻታለሁ።

ልጆቿ ላይ ግን ነገር አታሳልፍም። ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው እኛ ጋ፣ ግፊቱም አራተኛ ፎቅ አይደርስም። ከታች በጄሪካን ቀድቶ መሸከም ነው። በየብሎኩ ደረጃው ላይ የምታዩት ሴት ልጆችን ነው፣ ወንድሞቻቸው ኳስ ላይ ናቸው። 20 ሊትር፣ አራት ፎቅ፣ ስድስት ሰባት ምልልስ፤ የሒሳብ የቤት ሥራ የሚሠራበት ሰዓት እዚያ ደረጃ ላይ ያልቃል።

ባለፈው ማክሰኞ ውኃው የመጣው ከሌሊቱ 5 ሰዓት ነው። ጄሪካን ሲንኳኳ ሰምቼ በሬን ከፈትኩ። ጎረቤቴ ልጇን ልትቀሰቅስ የገባች መስሎኝ ነበር፣ ልጅቷ ግን ሳሎን ውስጥ ፊዚክስ ይዛ ተቀምጣለች፣ በማግስቱ ፈተና አለባት። ዓይኑን እያሻሸ፣ በአንድ እግሩ ጫማ ሲፈልግ የነበረው የ11 ዓመት ወንድሟ ነው። እማማ ከፍራሻቸው ላይ ሆነው «ኧረ ወንድ ልጅ በሌሊት ውኃ!» አሉ። እናትየው ትልቁን ለራሷ ይዛ ትንሹን ጄሪካን እጁ ላይ አደረገችለትና «በል ና፣ እህትህ ሥራ ላይ ናት» ብላው ቀድማው ወረደች።